ዐሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ሲስተር ሩቲ ጂሎ የፈተናዋን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችና፣ «አልሰርዘውም» አለች።

ነገሌ ላይ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የድንገተኛና የፅኑ ሕክምና ሥልጠናው አራተኛና የመጨረሻ ቀኑን ይዟል። ከቆላው ከተሞች ሃያ ሁለት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ተሰብስበዋል፤ ከዱብሉቅ የመጣ አለ፣ ከክብረ መንግሥት የወረደ አለ። ሌሎቹ ምሳ ሊበሉ ወጥተው አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሩቲና አሠልጣኙ ዶክተር ሸዋንግዛው ብቻ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቷን ሲጫኗት የሰነበቱት የላስቲክ አሻንጉሊት አፏን ከፍታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች።

«ሲስተር፣ አንዲት ነጥብ ናት የጎደለችዎት» አለ ዶክተሩ እርሳስ እያቀበላት። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገና ሠላሳዎቹን የጀመረ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። «ተግባሩን ከሁሉም በላይ ሠርተዋል። ዐሥራ ሁለተኛዋን ብቻ ያስተካክሉ። ማንም አያይም።»

«የሚያይማ አለ።»

«እሺ፣ ይሁን። ግን ስተዋል እኮ።»

«ሌሎቹን የሳትኳቸውን ስቻቸዋለሁ፤ አልከራከርም። ይህችን ግን አልሳትኳትም።»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ብዙ ሰው የተጎዳበት ቦታ ደርሰው፣ አካባቢው ለእርስዎ አስጊ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ መናገር የሚችለውን ሰው በመጀመሪያ ምን ይጠይቁታል?» መልሱ «ለ» ነው፤ «ስንት ናችሁ?» ሩቲ አራቱንም ምርጫ ትታ ከሥሩ በእጇ ጽፋለች፦ «ቁጥር አልጠይቅም። ከማን ከማን ጋር ነበርክ ብዬ በስም አስጠራዋለሁ።»

ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። የሥልጠናውን ሠርተፍኬት ካልያዘች የሙያ ፈቃዷ አይታደስም፤ ፈቃዷ ካልታደሰ ከወሩ መጨረሻ ወዲያ ድንገተኛ ክፍል አትገባም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመችበት ክፍል ነው። ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ተቀምጣ ደም ግፊት ስትለካ ልትውል ነው ማለት ነው። ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች።

«ቁጥሩን ሳያውቁ ስንት አምቡላንስ ሊጠሩ ነው?»

«ስሞቹን ከሰማሁ ቁጥሩን እኔው እደርስበታለሁ።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ሩቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በጸሎት ካልሆነ በቀር ተናግራው የማታውቀውን ነገር ነገረችው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ቤተሰብ ከነዕቃው የጫነ አይሱዙ ገደል ገባ። ድርቅ ነበር፤ ውኃ ወዳለበት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። አምቡላንሱ ይዟት ደረሰ። ዳዳቻ የሚባሉ ሽማግሌ ግንባራቸው ተተርትሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሩቲ ቅጿን አወጣች። የቅጹ የመጀመሪያ መስመር «ጠቅላላ የተጎጂ ብዛት» ይላል። «ስንት ናችሁ?» አለቻቸው። ሽማግሌው መሬት መሬቱን እያዩ «ጥቂት ነን» አሉ። ዞር ዞር ብላ ብታይ ሰባት ሰው አለ። ሰባት ብላ ጻፈች። ሽማግሌውን በመጀመሪያው ጉዞ ላከቻቸው፤ የቀሩትን በሁለተኛው ይዛ ሄደች። ፋይዳ የምትባለው የልጅ ልጃቸው ከመኪናው ሸራ ሥር ነበረች። ሽማግሌው በሁለተኛው ጉዞ የመጣች መስሏቸዋል። ግመል ጠባቂዎች አግኝተው ሲያመጧት ትተነፍስ ነበር፤ የጤና ጣቢያውን በር ሳታልፍ ትንፋሿ ቆመ።

«ሽማግሌው አልዋሹም» አለች ሩቲ። «እዚህ አገር ሰው ወገኑን አይቆጥርም፤ ከብቱንም አይቆጥርም። ደም በፈሰሰበት ቦታ ቆጥሮ መናገርማ የተረፉትን ለሞት እንደ ማሳየት ነው። እኔ የጂሎ ልጅ ነኝ ዶክተር። አባቴ ከብቱን የሚያውቀው በመልክና በስም ነው፤ ጥጃ ብትጎድልበት በስሟ ይጣራል እንጂ ቁጥር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ይህን እያወቅሁ፣ ቅጹ ጠይቂ ስላለኝ ጠየቅሁ። ‹ከጎንዎ ማን ነበር?› ብላቸው ኖሮ መጀመሪያ የሚጠሩት የእሷን ስም ነበር።»

ዶክተር ሸዋንግዛው እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «በጣም አዝናለሁ» አለ። «ግን በአንድ አጋጣሚ መመሪያ አይቀየርም። ልምምዱ እስኪያልቅ ያስቡበት።»

ከምሳ በኋላ ሁሉም በሆቴሉ ጓሮ ተሰበሰበ። የተገለበጠ መኪና ድራማ ነው። የሆቴሉ ሠራተኞች አንገታቸው ላይ ባለቀለም ካርድ እያንጠለጠሉ፣ አንዱ ከዛፍ ሥር፣ ሌላው ከውኃ ጋኑ ጀርባ ተጋደሙ፤ ቀይ ካርድ የያዘ ማለት ቅድሚያ የሚሰጠው ነው። ሳይጎዳ የተረፈው ሰው ደግሞ የሆቴሉ ጥበቃ ኦቦ ጎሊቻ ሆኑ። ዶክተሩ «ተጎጂዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ እንዳይረሱ» ብሎ ለእሳቸው ብቻ ሁለት ጊዜ በጆሯቸው ነገራቸው።

ቡድኑን የሚመራው ሰማታር ነው፤ ዱብሉቅ ላይ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወልዶ ያደገ፣ ፀጉሩ የሸበተ ነርስ፤ ጨዋታ አዋቂ። የጽሑፍ ፈተናውን አንድ ሳይስት ነው ያለፈው። ሩቲ ስላላለፈች ተመልካች ተብላ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷታል።

ፊሽካው ተነፋ። ሰማታር እየሮጠ መጣ።

«አካም ኦቦ ጎሊቻ!»

«ናጋ። አንተስ ናጋ? ቤተሰብ ናጋ?»

«ኧረ መኪና ተገልብጦብዎት ሰላምታ ያበዛሉ እንዴ? ያቃስቱ እንጂ!»

ጓሮው በሳቅ ሞላ። ኦቦ ጎሊቻም ለወጉ ያህል አቃሰቱ።

«ስንት ናችሁ?» አለ ሰማታር ወረቀቱን ዘርግቶ።

ሽማግሌው የከዘራቸውን ጫፍ አዩ። «ብዙም አይደለን።»

«ስንት?»

«እንዳለነው ነን።»

ሰዓቱ ይሮጣል። ሰማታር ጓሮውን በዓይኑ ዞረው፤ ስምንት። ስምንት ብሎ ጻፈና ትእዛዙን አወረደው። ቃሬዛ መጣ፣ ፋሻ ተጠመጠመ፣ አንገት ተደገፈ። በዐሥራ አንድ ደቂቃ «ጨርሰናል!» አለ። ተጨበጨበለት።

ዶክተሩ ግን አላጨበጨበም። «ቀይ ካርድ የያዘችውስ? ዘጠኝ መሆናቸውን ለኦቦ ጎሊቻ ነግሬያቸው ነበር።»

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ሰማታር ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ኦቦ፣ ዘጠኝ ተብለው አልነበረም እንዴ? ለምን ዝም አሉኝ?»

«ቁጥሩን የነገረኝ እሱ ነው፤ ቁጥሩ የእሱ ነው» አሉ ኦቦ ጎሊቻ ከዘራቸውን ወደ ዶክተሩ ቀስረው። «ሰዎቹ ግን የእኔ ናቸው። አብሬያቸው ነው የምውለው። ለጨዋታ ብዬ ልቁጠራቸው?»

ሩቲ ከወንበሯ ተነሣች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ተመልካች ነዎት» አለ ዶክተሩ።

«ተመለከትኩ እኮ» አለችና አልፋው ሄደች። ከሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አለች። «ኦቦ ጎሊቻ፣ መኪናው ላይ ከጎንዎ ማን ነበር?»

«ኢያድ ነዋ።»

«ከኢያድ ቀጥሎስ?»

«ፈርሃና። ከፈርሃና ኋላ ደግሞ መሱዳ፤ እዚያ የቆመው መኪና ላይ፣ ከሸራው ሥር ናት። ከመጀመሪያውም እዚያ ናት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ጮኸ ሰማታር።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ሥር ከቆመው አይሱዙ ላይ ሸራው ተገለጠና የሆቴሉ ወጥ ሠሪ መሱዳ በላብ ተነክራ ብቅ አለች። «እኔን ረስታችሁ ነው የምታጨበጭቡት? ሞቻለሁ እኮ! ሬሳዬም ሳይነሣ ወጤ አረረ!»

ሁሉም እስኪያነባ ሳቀ። ሩቲ አልሳቀችም። ሰማታርም ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው።

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ዶክተር ሸዋንግዛው ወረቀቷን ይዞ መጣ፤ በዝቅተኛ ድምፅ ቢናገርም ሁሉም ይሰማል። «ሲስተር፣ እርስዎ ትክክል ነዎት። ግን የመልሱ ቁልፍ የመጣው ከላይ ነው፤ ወረቀቱም የሚሄደው ወደ ላይ ነው። ‹ለ›ን ያክብቡና ሠርተፍኬትዎን ይያዙ። አገርዎ ሲገቡ እንደሚያውቁት ይሥሩ።»

ሩቲ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ከማን ጋር እንደተነጋገረች የሚያውቋት ያውቃሉ። ከዚያ ቀና አለች።

«አገሬ ገብቼ የምሠራውን ነው እዚህ የጻፍኩት። እኔ ፈርቼ ያከበብኩትን ከኋላዬ የሚመጣው ነርስ እውነት ነው ብሎ ይማረዋል። ከዚያ ሸራ ሥር ሌላ ልጅ ትቀራለች። ወደቀች ብለው ይጻፉ። ካርድ ክፍል እቀመጣለሁ።»

«ዶክተር፣ የእኔን ወረቀት እስቲ» አለ ሰማታር።

«እርስዎማ አልፈዋል! አንድም አልሳቱም።»

«ቅድም ሴትዮዋን ገድያት የለም እንዴ? ይስጡኝ ባክዎ።» ወረቀቱን ተቀብሎ «ለ»ን ሰረዛትና ሩቲ የጻፈችውን ከሥሩ ጻፈ። «ሩቲ፣ ካርድ ክፍል ወንበር ያዢልኝ።»

ከክብረ መንግሥት የመጣችው ኢየሩሳሌም ተከተለችው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ብርሃኔ የተባለው ጤና መኮንን ግን «እኔ አራት ልጅ አለኝ፤ አልነካካም» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ሲያበቃ ዐሥራ አራት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል።

«የላኩኝን ሰዎች ምን ልበላቸው?» አለ ዶክተሩ ክምሩን እያየ።

«ያዩትን ይንገሯቸው» አለች ሩቲ። «ካላመኑም ይምጡና ኦቦ ጎሊቻን ራሳቸው ይጠይቋቸው።»

ቀዩን እስክሪፕቶ አወጣ። መጀመሪያ የእሷን ወረቀት ሳበና ከዐሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ጎን «ትክክል» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ሙሉ ስሙን ከነፊርማው አኖረ። የቀሩትንም እንዲሁ አደረገ። ሠርተፍኬቱን ሲሰጣት እጁ ወረቀቱን ወዲያው አልለቀቀውም።

«ቢመልሱትስ ሲስተር?»

«እንደገና እፈተናለሁ» አለች ሩቲ፣ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ። «ያንኑ እጽፋለሁ።»