ጊዜዋ ነው

ቡጢኛዋ ከውድድሩ በፊት ክብደት እንዳትጨምር የተቆለፈው የምግብ ቁም ሣጥን ቁልፍ አባቷ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። አባቷ የቡጢ ማሠልጠኛው በር ላይ ቁጢጥ ብሎ የውሻዋን ጀርባ ያሻል። ትናንት የተሰጣት ሥጋ ሳይነካ ሳህኑ ላይ ደርቋል፤ ውሻዋ ግን አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ በሩ መሮጧን አላቆመችም።

«ተዋት፣ አትነዝንዛት» አለው ሳህኑን ወደ ውሻዋ የሚገፋውን የግቢ ጥበቃ። «ጊዜዋ ነው። ወንድ ስትፈልግ ምግብ አያሰኛትም፣ እግሯም አያርፍም። ሲያልፍላት ራሷ ትበላለች።»

ቡጢኛዋ ልጁ በመስኮት ሰማችው። እሷን እኮ «ከርሳም» ነው ያላት፤ ያውም ትናንት ምሳ ላይ፣ ቁራሽ ዳቦ ከእጇ መንጭቆ በጥፊ ካጮላት በኋላ። ከሁለት ሳምንት በፊት ምግብ ትዝ ሳይላት ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ስትሮጥ «የኔ ነብር» ሲላት የነበረው ሰውዬ! የወር ደሟ ሊመጣ ሲል ያገኘችውን ብትውጥ አትጠግብም፣ ሰውነቷ ውሃ ይቋጥራል፣ እግሯ ይከብዳል። የውሻን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ይህን ልብ ብሎ አያውቅም። እናቷ በሕይወት ብትኖር ትነግረው ነበር። እሷ ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአባት ከየት ተጀምሮ ይነገራል ብላ አፏን ዘጋች።

«ዛሬ ከተሸነፍሽ ጓንትሽን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሏታል። አባቷ ያለውን ሳያደርግ ቀርቶ አያውቅም።

እንደምንም ብላ የጠዋቱን የክብደት ልኬት ለጥቂት አለፈች። ከሰዓት በኋላ ግን ባዶ ሆዷን ሪንግ ውስጥ ገባች።

ተጋጣሚዋ ደንዳና ግራኝ ናት። ገና በመጀመሪያው ዙር አፍንጫዋን አገኘችው። አጥንቱ ቀጭ ሲል ለራሷ ተሰማት። ደሙ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ፤ ዋጠችው፣ ከርሃቧ ብዛት ጣፈጣት። በዚህ አፈረች፣ ተናደደችም። በንዴቷ ሰንዝራ የግራኟን ቅንድብ ተረተረችው፤ ተመልካቹ ጮቤ ረገጠ። በሁለተኛው ዙር ግን እግሯ አልታዘዝ አላት። ግራኟ ገመዱ ላይ አስደግፋ ጎኗን ደቃችው፣ አገጯን አጎነችው። ወደቀች። ዳኛው ሲቆጥርባት በጉልበቷ ተንፏቃ ተነሳች፤ ደወሉ ደረሰላት።

አባቷ የጥርስ መከላከያዋን አውጥቶ ፊቷ ላይ ውሃ ደፋባት። «ምን ሆነሻል? ትበሪ አልነበር? ሆድሽ ነው እግርሽን የያዘው!»

«ጊዜዬ ነው፣ አባዬ።»

«የምን ጊዜ?»

«የውሻዋን ታውቅ የለ?» ደም ተፋች። «የኔን ግን አታውቅም።»

የያዘው ጠርሙስ ከእጁ ወደቀ። ትናንት በጥፊ የመታትን ጉንጭ አየ፤ አሁን አብጧል። ከዚያ ነጩን ፎጣ አነሳ፤ ሪንጉ ውስጥ ወርውሮ ግጥሚያውን ሊያስቆም ነው።

በጓንቷ ክንዱን መታችው። «እንዳትወረውረው! እስከ ዛሬ ሳታዝንልኝ ኖረህ፣ ዛሬ ልታዝንልኝ?»

አፏን ከፍታ ጠበቀችው። አባቷ መከላከያውን መለሰላት።

የመጨረሻው ዙር ደወል ጮኸ። ግራኟ ቅንድቧ እየደማ መጣችባት። ቡጢኛዋ አንዴ ዞር ብላ አባቷን አየችው፤ ፎጣውን በአንድ እጁ፣ ከአንገቱ የበጠሰውን ቁልፍ በሌላው ይዟል። ሆዷ ጮኸ። ጥርሷን ነክሳ ወደ ቡጢው ገባች።