ሁለት ጋሪ ፍግ

ኮሪን የጎረቤቷን ጓሮ መርዛለች፤ ያውም በስጦታ።

ማረጋገጫው ማድ ቤቱ መስኮት ላይ ተደርድሯል፤ ስድስት ኩባያ ቦሎቄ። ሦስቱን ተገዝቶ በመጣ ንጹህ አፈር፣ ሦስቱን ከራሷ በጎች ፍግ ጋር በተደባለቀ አፈር ነበር የዘራቻቸው። በንጹሁ አፈር የበቀሉት ቅጠላቸውን ዘርግተዋል። የሌሎቹ ቅጠል ግን ተኮማትሮ እንደ ማንኪያ ጎብጧል፤ ግንዳቸውም ተጠማዞ ወደ አፈሩ ተደፍቷል። ይህን ሙከራ ሰው የሚሠራው ፍጉን ከመበተኑ በፊት ነው። ኮሪን የሠራችው ከበተነች በኋላ ነው።

"ውሃ አብዝተሽባቸው ይሆናል" አለ ባሏ ዴል ቦት ጫማውን እያጠለቀ።

"ስድስቱንም እኩል ነው ያጠጣሁት።"

"እና ሦስት ቦሎቄ መሰከረብን በይኛ!"

"በዚሁ ፍግ ያፈላኋቸው ቲማቲሞችስ? አርባውም ችግኝ እንዲህ ነው የተጠቀለለው። አትቀልድ ዴል።"

ዴል ቀልዱን ተወ። ነገሩን ሁለቱም ያውቁታል። ባለፈው ኅዳር ድርቆሽ አልቆባቸው፣ በረዶ ሊጥል ሲያንዣብብ፣ ኮሪን ከማታውቀው ሰው አርባ እስር ጭና መጣች። በዚህ አገር ድርቆሽ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ማሳው ምን ተረጭቷል? ኮሪን እጇ በብርድ ደንዝዞ ነበርና ቶሎ ጭና ለመሄድ ስትል አልጠየቀችም። አንዳንዱ የአረም መድኃኒት ሣሩን አይነካም፤ በጎቹንም አይጎዳም። በሆዳቸው አልፎ ፍጉ ውስጥ ይቀመጣል። ከአፈር ከተዋሐደ ደግሞ ዓመታት እስኪያልፉ ድረስ እዚያ ቦታ ቲማቲምም፣ ቦሎቄም፣ ድንችም በወጉ አይበቅልም።

የራሷ ጓሮ ቢሆን ኖሮ አልቅሳ ትተወው ነበር። ግን በሚያዝያ መጀመሪያ፣ በረዶው እንደቀለጠ፣ ሁለት ጋሪ ሙሉ ወስዳ ለወይዘሮ ማርሊስ በትናላቸዋለች።

ማርሊስ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ልጆቻቸው ከተማ ውስጥ ካለው የአረጋውያን መኖሪያ ሊያስገቧቸው ይፈልጋሉ። በብዙ ክርክር የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ጓሯቸውን ማልማት እስከቻሉ ድረስ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው የለም።

ስልኩ ጮኸ። ኮሪን የደዋዩን ስም አይታ አነሣችው።

"ኮሪን፣ ተነሥተሻል?" አሉ ማርሊስ።

"ኧረ ቆየሁ።"

"መሬቱ ደረቀልኝ! የሚያርስልኝ ቨርን ማረሻ ማሽኑን ጭኖ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ፍግሽን ከአፈሩ ጋር ገልብጦ ያዋህድልኛል። ልጄ ትናንት ደውላ 'እማዬ፣ ዘንድሮ እንኳ እረፊ' ትለኛለች። የማርፈው ስቀበር ነው አልኳት። ነሐሴ ላይ መጥታ ቲማቲሜን ስታይ አፏን ትይዛለች።"

"ማርሊስ..."

"እ?"

"ዳሌዎ እንዴት ሆነልዎት?"

"አንቺም ዳሌዬን? ከዳሌዬ ሌላ ወሬ የላችሁም እንዴ! በይ ልውጣ። ይሄ ቨርን መሥመር አያውቅም፤ ካልቆምኩበት የአስፓራጉስ ተክሌን ሁሉ ይነቅለዋል።"

ስልኩ ተዘጋ። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከአሥር ይላል።

"ጥሩ አደረግሽ" አለ ዴል ቀስ ብሎ።

"ምኑን?"

"አለመናገርሽን። ቲማቲም የማይበላሽበት ሰው አለ? በሽታ ነው ይላሉ፤ ብርድ ነው ይላሉ።" ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። "ኮሪን፣ ሃያ ስምንት በግ ነው ያለን። ሁሉም የሚግጡት በእሳቸው መስክ ነው። ውል የለን፣ ወረቀት የለን፤ ያለን የአፍ ቃል ነው። ነገ 'በጎቻችሁን አውጡልኝ' ቢሉ ወዴት ልንነዳቸው ነው?"

ኮሪንም ገና ሳይነጋ ጀምራ የምታስበው ይህንኑ ነበር። በጎቹ ተሽጠው፣ ጋጣው ባዶ ሆኖ፣ ሁለቱም ተመልሰው ከተማ ቤት ሲከራዩ ታይቷታል። ከዚያ ደግሞ የማርሊስ በር ተቆልፎ፣ ልጃቸው ሻንጣቸውን መኪና ላይ ስትጭን ይታያታል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራት ለይታ ማወቅ አልቻለችም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፍጉ ገና ከአፈሩ ላይ ነው ያለው። ዛሬ በአካፋ ተጠርጎ ሊነሣ ይችላል። ማሽኑ አንዴ ካለፈበት በኋላ ግን ማንም ሊለየው አይችልም።

ስልኩን አንሥታ መልሳ ደወለች። ጠራ፤ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም። ማርሊስ ወጥተዋል።

"አየሽ?" አለ ዴል። "እግዜር ራሱ ተይው እያለሽ ነው።"

"ድርቆሹን የገዛው እግዜር አይደለም፤ እኔ ነኝ።"

በመስኮቱ በኩል የቨርን መኪና ማሽኑን ከኋላ ጭና፣ እየተንገጫገጨች ወደ ኮረብታው ስትታጠፍ ታየች። ኮሪን ብድግ አለች።

"ስልክ ላይ ሁለት ቃል መናገር አቅቶሽ ፊታቸው ቆመሽ ልትናገሪ ነው?"

"አዎ።"

"ቢያባርሩንስ?"

"እንወጣለና።"

"ለአፍማ ቀላል ነው።"

"ቀላል ነው አላልኩም። አብረኸኝ ብትጠርግ ደግ ነው፤ ካልሆነም ተቀመጥ። እኔ ግን ያ ማሽን ሳይነሣ መድረስ አለብኝ።"

ዴል የጫማውን ክር ያዘ። ክሩ ግን ታስሮ ያለቀ ነበር።

"ትንሽ ቆይ" አለ፤ "ምን እንደምንላቸው እንኳ እንነጋገር። ድርቆሹን የሸጠልን ሰውዬ ነው ጥፋተኛው እንበል።"

"ማሳው ምን እንደተረጨ አልጠየቅኩም ነው የምላቸው" አለች ኮሪን። ወጥታ በሩን ዘጋችው።