ያልገባው ኢንዛይም

ላቦራቶሪው ውስጥ "እትዬ ሚዛን" ይሏታል፤ አንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ ካልለካች ውጤት አትጽፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ "የላክሁት ውጤት ይመለስልኝ" ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ነገሩ የአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ልጅቷ ሥጋ ወይም እንቁላል በበላች ቁጥር ታስመልሳለች፣ ትፈዛለች፤ ስሟን ቢጠሯትም የማትሰማበት ጊዜ አለ። ደሟ ውስጥ አሞኒያ፣ ሥጋና እንቁላል ሰውነት ውስጥ ሲፈጩ የሚወጣው መርዝ፣ በዝቶ ተገኘ። አሞኒያን ጉበት ውስጥ በሽንት ወደሚወጣ ዩሪያ የሚለውጡት አምስት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሐኪሙ አንዱ ጎድሎ ይሆናል ብሎ ጠረጠረና ከጉበቷ በመርፌ ትንሽ ቅንጣት ወስዶ በረዶ አድርጎ ላከው። እትዬ ሚዛን ፈጭታ ለካችው። የጎደለ አልነበረም። "ሁሉም በበቂ መጠን አሉ" ብላ ጻፈች።

ወረቀቱ ልጅቷ ቤት ሲደርስ የእናትየዋ አማት አፍ አገኙ። "ድሮም ብያለሁ፤ ልጅ መመገብ አታውቅበትም" አሉ።

በሳምንቱ እናትየዋ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጅጌዋ ላይ ክር ተጣብቋል።

"ውጤቱን የጻፉት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ እህቴ፣ ግቢ።"

"ላማርር አልመጣሁም። ሁሉም ነገር ካላት ለምንድን ነው የምትታመመው?"

"አላውቅም። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

እናትየዋ ነገረቻት። ድንችና ዳቦ የበላች ቀን ልጅቷ ቤቱን ታምሰዋለች። እንቁላል ሲቀርብላት ግን አፏን ትገጥማለች። "እኔ ደግሞ እየተቆጣሁ አጎርሳታለሁ" አለች። "ተሞላቅቃ መስሎኝ።"

እሷ ከሄደች በኋላ እትዬ ሚዛን ሥራ መሥራት አቃታት። አምስቱ ኢንዛይሞች አንድ ቦታ እንደማይቀመጡ ለሰልጣኞች ራሷ ታስተምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሚቶኮንድሪያ ከሚባሉት የሕዋሱ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱ ከዚያ ውጭ፣ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ። አሞኒያ መጀመሪያ የሚያዘው ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ነው። እሷ ግን በረዶ ሆኖ የመጣውን ቅንጣት ግድግዳውንም ክፍሉንም አንድ ላይ ፈጭታ ስንት እንዳለ ለካች። የት እንዳለ አልጠየቀችም።

ሐኪሙ ዘንድ ሄደች።

"ውጤቴ ይመለስልኝ፣ ዶክተር።"

"ቁጥሩ ተሳስቷል?"

"ቁጥሩ ልክ ነው። እኔ ነኝ ልክ ያልሆንሁት። በረዶ የሕዋሱን ክፍሎች ያፈርሳል፤ በረዶ ያልነካው አዲስ ናሙና እፈልጋለሁ።"

"ደግሞ መርፌ? እናትየዋን ማን ያሳምናታል?"

"እኔ።"

እናትየዋ ተጠርታ መጣች። "እንደገና ምንም የለም ቢባልስ?"

"እሱንም ራሴ መጥቼ እነግርሻለሁ።"

አዲሱ ናሙና ጠዋት ደረሰ። እትዬ ሚዛን ክፍሎቹ እንዳይፈርሱ በእጇ ቀስ አድርጋ ፈጨችው፤ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ አስገብታ አሽከረከረችው። ሚቶኮንድሪያው ከታች ዘቀጠ፣ ፈሳሹ ከላይ ቀረ። በጤነኛ ጉበት የመጀመሪያው ኢንዛይም ከዝቃጩ ጋር ይገኛል። የልጅቷ ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከላይ፣ ፈሳሹ ውስጥ ነበር። በተረፈው ቅንጣት ደገመችው። ያው ነው።

"ሠራተኛው አለ" አለቻት ለእናትየዋ፣ ሐኪሙ አጠገባቸው ተቀምጦ። "የሚሠራበት ክፍል ግን አልገባም። ለመግባት የሚያስፈልገው ምልክት ከተፈጥሮው ተበላሽቷል።"

"ስለዚህ የኔ ጥፋት አይደለም?"

"አይደለም። እንቁላሉን የሸሸችው ሰውነቷ ነግሯት ነው።"

እናትየዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። መዳፏን አንሥታ "ይህችኑ ለአማቴ ጻፉልኝ" አለች። ሐኪሙ ሳቀ። እትዬ ሚዛን ግን አልሳቀችም፤ ለማንም በሚገባ ቋንቋ ጽፋ ማኅተም አስመታችበት።

ልጅቷ ሥጋና እንቁላል ተመጥኖላት፣ ትርፉን አሞኒያ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ጀመረች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏት ሆስፒታል ተኛች፤ ዳነች። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች። አማትየዋ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ነገር ግን ጎረቤት ለልጅቷ አንዳች ነገር ሲያቀርብ ሥጋ ወይም እንቁላል እንዳይሆን ለማየት መጀመሪያ የሚነሡት እሳቸው ናቸው።

እትዬ ሚዛን አሮጌ መዝገቦቿን ስትፈትሽ "ሁሉም አሉ" ብላ የላከቻቸው ሌሎች ሁለት ልጆች አገኘች። የአንዱ ቤተሰብ ናሙና ለማስደገም ፈቀደ። የሌላው ስልክ አይነሣም። በየሳምንቱ ሰኞ ትደውላለች።