ዕድሩ ያስተማረው ሐኪም

ዘርአጽዮን ሶፊያ ድረስ ሄዶ ስለ ምስጥ አጥንቶ ዶክትሬቱን ይዞ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሕክምና ልማር አለ። ጉርድ ሾላ እንዲህ ያለውን ሰምቶ ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። "ከዘመቻ ሊያመልጥ ነው" ያሉ አሉ። "የፊተኛውንስ በእውነት ተምሮታል?" ያሉም አልጠፉ።

ትምህርቱ በነፃ ነው። ደመወዙ ግን ይቆማል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስቱ ትብለጽና ልጆቹ አሉ። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ዕድሩ ፊት ቆሞ ብድር ጠየቀ።

"ምስጡ ምን ጎደለው?" አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ ቢተው።

"ዶክተር ነው እያላችሁ የታመመ ልጅ ታሳቅፉኛላችሁ። ምስጥ አሞኛል ብሎ የመጣ የለም።"

"ሐኪም ሆነህስ?"

"ሰው እንዳይሞት ነዋ።"

ጉባኤው እርስ በርሱ ተያየ። ዕድሩ የቆመው ለሞት ነው።

"ሰማችሁ?" አሉ እማማ ወለተማርያም ከኋላ። "በገንዘባችን ተምሮ ዕድራችንን ሊያፈርስ።"

የቀበሌው ጓድ ኤርሳዶ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከዚህ ሰው በስተጀርባ ማን አለ?"

"ትብለጽ" አለ አንዱ ከጉባኤው።

"ከእሷስ በስተጀርባ?"

"ልጆቹ።"

አቶ ቢተው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። "ዕድር ለቀብር እንጂ ለትምህርት አያወጣም። ግን ጡሩንባ ነፊያችን ዘምቷል። ማለዳ እየነፋህ ማን እንደሞተ ለሰፈሩ ትለፍፋለህ፤ በየወሩ ይከፈልሃል። ከዚያ ወደ ትምህርትህ።" ወደ እማማ ዞሩ። "በዚያውም ዐይናችን ሥር ይሆናል።"

ዘርአጽዮን አብራው የመጣችውን ትብለጽን አያት። እሷ ጡሩንባውን ከዳኛው ተቀብላ እጁ ላይ አኖረችለት።

ማለዳ ሙት እየለፈፈ፣ ቀን ስለ ሕያው እየተማረ ዓመታት አለፉ። ሊመረቅ ሲቃረብ እማማ ወለተማርያም ሳል ጠናባቸው። ከትምህርት ሲመለስ በራቸውን አንኳኳ።

"ማነው?"

"ዘርአጽዮን ነኝ፣ እማማ። ላይዎት ነው የመጣሁት።"

ሳሉ ቀጥ አለ።

"ማን ላከህ?"

"ማንም። ደረትዎን ላዳምጥ ብዬ ነው።"

"ጡሩንባውስ?"

"ቤት ነው።"

"በመስኮቱ እጅህን አሳየኝ።"

ሁለቱንም አሳየ።

"ዙር እስቲ።"

ዞረ። ትንሽ ቆይቶ መቀርቀሪያው ተሳበ፤ በሩ ግን የሰው ጎን የሚያስገባ ያህል ብቻ ተከፈተ።

"ግባ" አሉ በሹክሹክታ። "ድምፅህን ግን ዝቅ አድርግ። ጎረቤት ሰምቶ ድንኳን እንዳይተክልብኝ።"