የዘጠኝ ሰዓቷ ጀልባ

በሕንድ ባሕር ዳርቻ ባለችው ማልቫን ላይ ዝናቡ ከገባ ወዲህ ራክማባይ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ነበር የምትኖረው። የጣራው ሸክላ ሲንጠባጠብ፣ የኮኮናቱ ቅጠል መስኮቱን ሲጠርግ፣ ባሕሩ ከሩቅ ሲያጉረመርም፣ የቱ ከውጭ እንደሚመጣ የቱ ከቴሌቪዥኑ እንደሚወጣ አትለይም። ለመለየትም አትደክምም። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ስትለይ ኖራለች፤ ይበቃታል።

ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን የሳሪዋን ጫፍ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። «የታላቁ ቤት ዘውድ» የተባለው ድራማ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ታላቁ ቤት እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በዚያ ቤት ሠርቶ የሚበላ ሰው የለም። አማትየዋ ከነወርቋ ትተኛለች፣ ከነወርቋ ትነሣለች፤ ጆሮዋ አይቆስል፣ አንገቷ አይዝል። ምራትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች እንጂ አንድ ራስ ሽንኩርት ስትልጥ ታይታ አትታወቅም። አማት ክፉ ነገር ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር ሰማዩ ሦስት ጊዜ ይጮኻል፣ ፊቷም ሦስት ጊዜ ቀርቦ ይታያል፤ አንዴ ብናየው የማይገባን ይመስላቸዋል። ባልየው ሞቶ ነበር፣ ተመለሰ። ደግሞ ሞተ፣ በሌላ ሰው ፊት ተመለሰ። የቤቱ አሮጊት ደግሞ ባሏ የሞተባት ናት፤ ነጭ ለብሳ ጥግ ይዛ መቁጠሪያ ትቆጥራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጥግ አልተነሣችም። ሽንት እንኳ አይመጣባትም።

ራክማባይም ባሏ ከሞተባት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እሱ ሳይሞትም ከሞተም በኋላ ገበያ ተቀምጣ ዓሣ ስታርድ ኖራለች። እጇ ላይ ያለው ጠባሳ ከታላቁ ቤት ጌጥ ይበዛል። ያም ሆኖ ያንን ድራማ አንድ ቀን አላስታጎለችም፤ ምክንያቱ ሳጥኑ ነበር።

ሳጥኑን ያመጣው ሳዋንት የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ ሰው በቴሌቪዥን ምን እንደሚያይ ከሚቆጥር መሥሪያ ቤት የተላከ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠና አንዲት ትንሽ ሪሞት ሰጣቸው። «እናቴ፣ አንደኛው ቁልፍ የእርስዎ ነው፤ ሁለተኛው የልጅዎ፣ ሦስተኛው የምራትዎ። ለማየት ሲቀመጡ ይጫኑ፣ ሲነሡ ይጫኑ። ማን እንደሚያይ ካልተነገረው ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። በእናንተ ቤት አንድ ሰው አየ ማለት እዚያ ብዙ ሺህ ሰው አየ ተብሎ ይቆጠራል። ለጎረቤት ግን ትንፍሽ እንዳትሉ» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ይረሳዋል። ራክማባይ ግን በሌላ መንገድ ገባት። ብዙ ሺህ ሰው በእኔ ቤት ስም ይቆማል ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ እንግዲያው ቤቴ የተከበረ ቤት ሆኖ ይታይ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቁልፏን የምትጫነው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ደወል እንደሚደወለው ነው። አንዳንዴ ተጭናው እዚያው ታንቀላፋለች። ሳጥኑ እንቅልፍ አያውቅም፤ እሷ ታንኮራፋለች፣ ብዙ ሺህ ሰው ታላቁን ቤት እያየ ነው ተብሎ ይጻፋል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጇ ዲጋምባር አውቶቡስ ተራ ሥራው ላይ ነው። ምራቷ ሱጋንዳ ሳህኑን አጥባ፣ እጇን በሳሪዋ ጠርጋ፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ራክማባይ ተነሥታ ሳጥኑን በፎጣ ትሸፍነዋለች። መብራቷ ከፎጣው ሥር ማነው፣ ማነው እያለች ስትርገበገብ ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው «ማዶ ለማዶ» የሚባለውን ሌላ ድራማ ያያሉ።

ባለታሪኳ ሲንዱ የምትባል ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ጀልባውን ትቶላታል። እሷም ጥግ አልያዘችም፤ ጀልባው ላይ ወጣች። ሰው ከዚህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ታሻግራለች፣ ከተሳፋሪ ጋር ትሰዳደባለች፣ ሙቀት ሲበዛባት እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ደረቅ ዓሣ ትበላለች። አረንጓዴ ሳሪ ትለብሳለች። ነጎድጓድ የለም። አንዳንድ ቀን ምንም አይሆንም፤ ውሃው ብቻ ይሄዳል፣ መቅዘፊያው ይገባል፣ ይወጣል። ራክማባይ ዓይኗን ጨፈን ስታደርግ እንኳ ጀልባው አይቆምም። መደቡ ከሥሯ ሲወዛወዝ ይሰማታል፣ የሸሚዟ እጅጌ በውሃ ፍንጣቂ የራሰ ይመስላታል።

«ሳጥኑን ለምን እንደምንሸፍነው አሁንም አልገባኝም» ትላለች ሱጋንዳ።

«ባሏ የሞተባት ሴት አረንጓዴ ለብሳ ከወንድ ጋር ስትሳሳቅ እያየሁ ቁልፍ ልጫን? እዚያ ቢሮ የተቀመጡት ምን ይላሉ? የዲጋምባር እናት በስተርጅና ቀበጠች ይበሉ?»

«እርስዎ ማን እንደሆኑ መች ያውቃሉ፣ እማዬ።»

«የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። ዝም ብለሽ እዪ!»

አንድ ቀን ሳዋንት ሳጥኑን ሊያይ መጣ። ሽቦውን ነካካና ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ፣ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፍታችሁ ትወጣላችሁ መሰለኝ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍት ነው፣ ሰው ግን የለም ይላል።»

«የት እወጣለሁ በዚህ ጉልበት? ልደንስ?»

ሱጋንዳ አፏን በሳሪዋ ያዘች። ኋላ ግን መጠየቅ አልቀረላትም። «በዚያ ሰዓት የሚታየው ማዶ ለማዶ … ሰው ይወደዋል?»

«እሱማ ሊያልቅለት ነው። ጋዜጣም ላይ ወጥቷል፤ ተመልካች የለውም። በዚህ ወር መጨረሻ ይነሣል። እኔስ ሚስቴ ትወደው ነበር፤ የእኛ ቤት ግን አይቆጠርም» አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ።

ራክማባይ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ዝናቡ ጣራውን ይመታል። ተመልካች የለውም ነው ያለው? ይህን ሁሉ ወር፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ምራቷን ጎን ይዛ? አንድ ቤት ብዙ ሺህ ሰው ከሆነ እሷ በዚያች ፎጣ ብዙ ሺህ ሰው ከጀልባው ላይ ገፍትራ ጣለች። ማታ ማታ ደግሞ እያንኮራፋች ያችን ባለወርቅ አማት ስትቀልብ ኖራለች!

ያን ቀን እዚያው እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ጀልባው ላይ ነበረች። ውሃው እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ዳርቻው አይታይም። ሲንዱ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀዝፋለች። «ስንት ሰው ጫንሽ?» አለቻት ራክማባይ። «ባዶዬን ነኝ» አለች ሲንዱ ዞር ሳትል። «አንቺ! እኔስ? እዚህ ተቀምጬ የለም?» ሲንዱ ዞረች፤ በራክማባይ በኩል አሳልፋ ራቅ አድርጋ አየች፣ ጭጋግ እንደሚያይ ሰው። ራክማባይ እጇን ወደ ውሃው ሰደደች፤ እጇ አልራሰም። ጮኸች፣ ድምፅ የላትም። ስትነቃ አንገቷ በላብ ርሷል፤ ሱጋንዳ ሻይ ይዛ ቆማለች።

«ምን ሆኑ፣ እማዬ?»

«ምንም። ስኳር አነሰው» አለች፣ ሳትቀምሰው።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው ኩሱም የገረበበውን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ኩሱም ባሏ በሕይወት አለ፤ ይህንንም ግንባሯ ላይ በቀባችው ቀይ፣ እጇ ላይ በደረደረችው አረንጓዴ አምባር ለአገር ስታውጅ ትውላለች። ሽራቫን የሚባለው የበዓላት ወር ስለሆነ ባለትዳር ሴቶች የሚጠራሩበት የእርድና የቀይ ዱቄት ግብዣ ደርሶባታል። ከሳህኗ እርድና ቀይ ዱቄት ቆንጥራ ሱጋንዳ ግንባር ላይ ቀባች።

«ዓርብ ጠዋት ነይ፣ የእኔ ቆንጆ። ዘመዶቼም ይመጣሉ።» ከዚያ ወደ ራክማባይ ዞረች። «አንቺማ … ታውቂዋለሽ። ጣፋጩን በልጅቱ እልክልሻለሁ።»

«አውቀዋለሁ» አለች ራክማባይ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታውቀው ኖራለች። ባሏ የሞተባት ሴት ለእርድና ለቀይ ዱቄት አትጠራም፤ ሰው አይከፋባት፣ እሷም አይከፋት። እንዲህ ነው የተባለው።

ኩሱም ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ ወረወረች። ሲንዱ መሃል ውሃ ላይ ቆማ ለአንድ ጎምላላ መምህር ስለ ባሏ ትነግረዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«ኧረ ራም ራም! ይቺን ባለጌ ነው የምታዩት? የባሏ አመድ ሳይበርድ … ምራትሽን እንዲህ ያለውን ታስተምሪያታለሽ?»

«እኔ ነኝ የከፈትኩት፣ እትዬ ኩሱም» አለች ሱጋንዳ ቶሎ ብላ። አማቷን ለመከለል ነው የዋሸችው።

ራክማባይ ይህን ሰማች። ልጅቱ ስሟን ስለ እሷ ብላ ልታበላሽ ነው! ቴሌቪዥኑ ላይ ጀልባው ወዘወዝ አለ። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ፎጣውን ገፈፈችና አልጋ ላይ ወረወረችው። ቀዩ መብራት ፊቷ ላይ ብልጭ አለ። ሪሞቷን አንሥታ ቁልፏን ተጫነች። መብራቱ መርገብገቡን ተወ።

«ልጅቱ አይደለችም። እኔ ነኝ የማየው» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በየቀኑ። ወድጄ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው የተጫንሽው?»

«አለሁ ማለት ነው። አሁን ወይ ተቀመጪ፣ ወይ ከፊቴ ዞር በዪ፤ ውሃውን ጋረድሽኝ።»

ኩሱም ሳህኗን አቅፋ ወጣች፣ አምባሯ እስከ መንገዱ ድረስ እየተንሿሿ። ማታውን ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ዲጋምባርም ሰማ፤ ሩዙን ዓሣው መረቅ ላይ ደፍቶ «እናቴ፣ እውነት ነው?» አለ። «እውነት ነው፣ ብላ» አለችው። በላ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ታላቁ ቤት ሳይከፈት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን በየቀኑ ቁልፏን ተጫነች። ሱጋንዳም ሦስተኛውን ትጫናለች። ዓርብ ዕለት ሱጋንዳ ወደ ኩሱም ቤት አልሄደችም፤ ራስ ምታት አለኝ ብላ ልካ እቤት ተቀምጣ እየሳቀች ደረቅ ዓሣ ጠበሰች። ግን ዘግይቷል። አንድ ቤት አንድ ቤት ነው፤ ድራማው እንዲነሣ ወረቀቱ ቀድሞ ተፈርሟል። በመጨረሻው ቀን ሲንዱ በማዕበል መሃል ስትቀዝፍ ምስሉ ተቆረጠ፤ ትድረስ አትድረስ ሳይነግሩ። ራክማባይ መጋረጃ የተዘጋባት ያህል የቴሌቪዥኑን ባዶ መስታወት ስታይ ቆየች። ሱጋንዳ እጇን ያዘቻት።

በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት አዲስ ድራማ ጀመረ። ከነወርቋ የተኛች አማት ተነሣች፤ ሰማዩ ሦስት ጊዜ ጮኸ።

«ዝጊልኝ!» አለች ራክማባይ።

ሱጋንዳ ዘጋችው። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ራክማባይ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሱጋንዳ አማቷ የተኛች መስሏት ልትነሣ ስትል አሮጊቷ መናገር ጀመረች።

«ማዕበሉ ሲንዱን ወደ ደቡብ ገፋት። መቅዘፊያው ተሰበረ። ይቺ ግን ሞኝ አይደለችም፤ የጀልባውን መቀመጫ ነቅላ ቀዘፈችበት። ወደሚያልፍ መርከብ ጮኸች፣ አልሰሟትም። ‹ድንጋይ ጆሮ!› ብላ ሰደበቻቸው …»

«መምህሩስ?»

«እሱማ ዳር ቆሞ ጃንጥላው ተገልብጦበታል። ወንድ ነዋ፣ ምን ያደርጋል! ቆይ እሱ ይመጣል፤ አንቺ ልጅ፣ አታቻኩዪኝ።»

አራት ቀን እንዲህ ሆነ። ሲንዱ አንድ ደሴት አገኘች፣ አንዲት እንደሷ ያለች ሴት እዚያ አንዲት ጎሽ ይዛ ትኖራለች፣ ሁለቱ ተጣልተው ታረቁ። ራክማባይ ስትናገር የሳሎኑ ወለል ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ ሱጋንዳም እንዲሁ ተሰማኝ ትላለች፣ ምናልባት ለማስደሰት።

በአምስተኛው ቀን ኩሱም በሩን ገፋች። እጇ ላይ ባዶ ሲኒ ይዛለች።

«ስኳር አልቆብኝ ነው» አለች፣ ጓዳዋን ስኳር ሞልቶት ሳለ። ሱጋንዳ ሞልታ ሰጠቻት። ኩሱም አልሄደችም። ሲኒውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረች። «በግድግዳው እየሰማሁ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያቺ ጎሹን የያዘችው ሴት … እሷም ባሏ የለም?»

ራክማባይ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ባሏ አለ። እሷ ናት የተወችው።»

«ኧረ ራም!» አለች ኩሱም፤ ሲኒውንም መሬት አስቀምጣ ተቀመጠች። «ለምን?»

«እሱን ነው ልነግራት የነበረው፣ አቋረጥሽኝ እንጂ። እግርሽን ሰብስቢ ደግሞ፣ ውሃ ላይ ነን።»