የጥንብ አንሳው ክላክስ

የሽቦው ገመድ ተወጠረ፤ የሞተችው ላምም በጎኗ እየተጎተተች ወደ መኪናው ጀርባ መውጣት ጀመረች።

"ቀስ፣ ቀስ አድርገው" አለ የከብት እርባታው ሥራ አስኪያጅ። ላሟ ቀስ ተባለላት አልተባለላት አሁን ምን እንደሚቀርባት ግን አልተናገረም።

ሾፌሩ የመጎተቻውን እጀታ እንደያዘ ቆመ። ሰዉ ጥንብ አንሳ ይለዋል። የከተማው ጽዳት ክፍል ገልባጭ መኪና ሰጥቶት የሞተ ከብት ማንሳት ከጀመረ ወዲህ የወጣለት ስም ነው። መጀመሪያ ከኋላው ነበር የሚሉት፣ ቆይተው ፊት ለፊት አሉት። አሁንማ ስልክ ደውለው "ጥንብ አንሳ ነህ?" ሲሉት "ነኝ" ይላል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በዚህ ስም ትስቅ ነበር። "ሴቱ ሁሉ ባል ያገባል፣ እኔ አሞራ አገባሁ" ትላለች፤ ከዚያ ወጡን ትጨምርለታለች።

ላሟ ወጥታ ገመዱ ሲላላ፣ ሁልጊዜ የሚጠይቃትን አንዲት ጥያቄ ጠየቀ።

"ተወግታለች?"

"አልተወጋችም። ለምትሞት ላም መድኃኒት አናባክንም።"

"ማስታገሻም?"

"ምንም አልኩህ እኮ። ስታቃስት ሰንብታ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?"

"አምኜሃለሁ።"

እውነትም አምኖት ነበር፤ ወይም ደግሞ ላለማመን የሚበቃ ጉልበት አልነበረውም። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሰው የነገረውን ሁሉ እሺ ይላል። የቤት ኪራይ ጨምሯል ሲሉት እሺ፣ ከስተሃል ሲሉት እሺ። ከሥራ አስኪያጁ ጀርባ ላም የምታልበው ልጅ ባዶ ባልዲ ታቅፋ ቆማለች። አፏን ከፈት አደረገችና መልሳ ገጠመችው። ሾፌሩ አይቷታል፤ ግን ልብ አላላትም።

"ተወግታለች?" የምትለዋ የሾፌሩ ጥያቄ ያለ ምክንያት አልመጣችም። ያልተወጋ ከብት ከኮረብታው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ይጣላል፤ ጥንብ አንሳዎቹም ወርደው አጥንቱ እስኪቀር ይበሉታል። ማስታገሻ የተወጋ ግን የኖራ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ይህን ያስረዳችው በዓይን መነጽሯ አሞራዎቹን ስትከታተል የምትውል ወፍ አጥኚ ነበረች። ከብቱን ከሕመሙ ያሳረፈው መርፌ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ያንን ሥጋ የበላ አሞራ ኩላሊቱ ሥራ ያቆምና፣ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ከተቀመጠበት ቅርንጫፍ ይወድቃል። "አንድ ከብት ይበቃቸዋል" ብላው ነበር። "የሚጥሉት በዓመት አንዲት እንቁላል ነው። እነዚህ ካለቁ የሚተካቸው የለም።" ሾፌሩ ሥራውን በጀመረበት ሰሞን አሞራዎቹ ሲያርፉ ሜዳው ይጠቁር ነበር። አሁን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሜዳው ላይ ደርሶ የመኪናውን ጀርባ ሲያነሳው ላሟ ተንሸራታ ወረደች። ከዚያ እንደ ልማዱ ክላክሱን በረጅሙ ነፋ። ይህን ያስለመደችው ሚስቱ ናት። አንዳንድ ቀን አብራው ትመጣና ሽታውን ሽሽት መስኮቱን ዘግታ እዚያው ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን "ሳይጠሩ መብላት ነውር ነው፣ ጥራቸው እንጂ" ብላ በራሷ እጅ ክላክሱን ተጫነችው። አሞራዎቹም ለመዱት። ሰማያዊ ካፖርቷ እስከ ዛሬ ከወንበሩ ጀርባ ባለው ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል። ከሞተች ወዲህ የነካው ሰው የለም፤ እሱም ጭምር።

ከደረቀው ዛፍ ላይ የመጀመሪያው አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ተነሳ። ሾፌሩ ቋጥሮ ያመጣውን ዳቦ እየገመጠ ያየው ጀመር። ዳቦው ምንም ምንም አይልም። የላሟም ሽታ አይመጣለትም። አፍንጫው ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ሥራ ፈቷል፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ሊያሳየው አስቦ ተወው።

ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ፣ የት ነህ?" አላቢዋ ናት።

"ሜዳው ላይ።"

"እሜቴን… ጣልካት?" ላሟን እሜቴ ነበር የምትላት፤ ካልተለመነች አትታለብም ነበርና።

"ጣልኳት።"



"ወግቻታለሁ" አለች። "ማታ፣ እሱ ሲተኛ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ ወስጄ። ስታቃስት መስማት አቃተኝ፣ ጋሼ። በዓይኗ እኮ ነው የምትለምነኝ። ስትጠይቀው ልናገር ብዬ እሱን ፈራሁት።"

ሾፌሩ ሊቆጣት ፈለገ። ቁጣውን ኪሱ ውስጥ እንደጠፋ ቁልፍ ፈለገው፤ የለም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው፦ የሆስፒታል ኮሪደር፣ የነርሷ እጅ፣ "እባክሽ እህቴ፣ አንድ መርፌ ጨምሪላት" የሚል የገዛ ድምፁ።

"ምን ያህል ወጋሻት?"

"ብልቃጡ እስኪያልቅ።"

"ነይ።"

"አሁን?"

"አሁን። ሮጠሽ ነይ፣ ብቻዬን አይሆንልኝም።"

ከመኪናው ሲወርድ ሦስት አሞራዎች አርፈዋል። ክንፉ የተቀደደው ሽማግሌ አሞራ ላሟ ራስ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ ቀና ያደርጋል። ሾፌሩ እጁን እያወናጨፈ ሮጠ። "ሂድ! ሂዱ!" አሞራዎቹ ግን አልበረሩም። ወደ ኋላ ፈቀቅ ፈቀቅ አሉና ቦታ እንደሚለቅ እንግዳ ቆመው አዩት። ብርቱካንማ ሰደርያውን ያውቁታል፤ ሁልጊዜ ምግብ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። የአፈር ጓል አንስቶ ወረወረ። ሽማግሌው ጓሉን በመንቆሩ መታ መታ አደረገና፣ የሚበላ አለመሆኑን ሲያይ ወደ ላሟ ተመለሰ።

ሾፌሩ ወደ መኪናው ሮጦ ክላክሱ ላይ በመዳፉ ተኛበት። ድምፁ ሜዳውን ሞላው። በድንጋጤ የሚበርሩ መስሎት ቀና ሲል፣ ከወዲያኛው ኮረብታ ሌሎች ተነስተው ወደ እሱ ሲመጡ አየ። ክላክሱ የጋለ ብረት ይመስል እጁን ከላዩ አነሳ። ለካ እስካሁን ኑ ብሉ ሲላቸው ነበር።

ሰደርያውን አውልቆ ወንበር ሥር ወረወረው። ዓይኑ ሌላ የሚወዛወዝ ነገር ፈለገ፤ ጆንያ የለ፣ ሸራ የለ። ካፖርቱን ከማንጠልጠያው አወረደው።

ካፖርቱን እያራገበ ሲመጣ አሞራዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሩት። ይህን ሰማያዊ ነገር አያውቁትም። ዘለው ዘለው ራቅ አሉና በክብ ተቀመጡ። እሱም ላሟን እየዞረ ካፖርቱን አራገበ። ክንዱ ዛለ፤ ከዚያ በቀር የተሰማው ነገር አልነበረም።

አላቢዋ በጎማ ቦቲዋ እየተደናቀፈች ደረሰች። ጋውኗ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

"ወይኔ ጉዴ! በልተዋል?"

"አንዱ ዓይኗን ነካ ነካ አድርጓል። ይዋጥ አይዋጥ አላየሁም።"

"የትኛው?"

"ያ ክንፉ የተቀደደው።"

ሁለቱም አዩት። ሽማግሌው ላባውን ያበጥራል።

"ልበሺውና ክንድሽን ዘርግተሽ ላሟ አጠገብ ቁሚ" አለና ካፖርቱን ሰጣት። "እኔ ገመዱን እስካስር።"

"የማን ነው?"

"የባለቤቴ።"

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። "ታዲያ እኔ በዚህ በእበት እጄ…"

"ልበሺው ብዬሻለሁ።"

ለበሰችው፤ እጅጌው ረዘመባት። ክንዷን ዘርግታ ቆመችና ቆየት ብላ "ሳሙና ሳሙና ይሸታል" አለች።

ሾፌሩ የገመዱን መንጠቆ እንደያዘ ቀና አለ። "ይሸታል?"

"አንተ አይሸትህም?"

"እኔ ምንም አይሸተኝም።"

"ምንም? የእሜቴም?"

"የእሜቴም።"

"በዚህ ሥራማ መታደል ነው" አለች ልጅቷ፤ ወዲያው ግን በአፏ ያመለጣት ነገር አሳፈራት። ሾፌሩ አልከፋውም። ጎንበስ ብሎ መንጠቆውን ከላሟ እግር ጋር አሰረ፤ አስሮም ከጨረሰ በኋላ ትንሽ እንዳጎነበሰ ቆየ።

የኖራው ጉድጓድ ዘበኛ በርሜል ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይጎረጉራል።

"ጥንብ አንሳ መጣ" አለ። "ዛሬ ደግሞ ረዳት ቀጥረሃል?"

"ክፈትልን።"

"የተወጋች ናት?"

"አዎ።"

"ማን ወጋት?"

አላቢዋ የካፖርቱን እጅጌ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆይታ "እኔ ነኝ" አለች። "ሥራ አስኪያጁ አያውቅም። ነገ ጠዋት እኔው እነግረዋለሁ።"

ዘበኛው ሁለቱንም በየተራ አያቸው። "እኔን ምን አገባኝ፣ እህቴ። ወሬ ሳወራ ነው እንጂ" አለና ክዳኑን ሊያነሳ ተነሳ።

ሲመለሱ መንገዱ በሜዳው ዳር ያልፋል። አሞራዎቹ አልሄዱም። ላሟ በነበረችበት የተጋደመ ሣር ዙሪያ በክብ እንደተቀመጡ ናቸው። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ አንገታቸውን አቀኑ።

"አሁንም ይጠብቃሉ" አለች ልጅቷ።

"ጠርቻቸው እኮ ነው።"

"ሌላ ከብት ሲሞት ይበላሉ።"

"እሱማ ይበላሉ።"

ትንሽ ሄዱ። "ያባርረኛል፣ አይደል?" አለች።

"ሊያባርርሽ ይችላል። ደግ ሰው ነው፤ ለመድኃኒት ግን ቆጣቢ ነው።" ቆየት ብሎ "ጠዋት መንገዴ ነው፤ ስትነግሪው አብሬሽ እቆማለሁ" አለ።

መገንጠያው ላይ ደረሱ። በቀኝ በኩል እርባታው አለ፣ ከእርባታው አልፎም የእሱ ቤት። ቤቱ ውስጥ አንድ ድስት፣ አንድ ብርጭቆና ተነጥፎ የሚውል አልጋ አሉ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት መሪው ራሱ ወደ ቀኝ ይዞርለታል። ዛሬ መኪናውን አቁሞ ሞተሩ እያጓራ ቆየ።

"ምነው፣ ነዳጅ አለቀ?"

"ቄራ በዚህ ሰዓት ሰው አይጠፋም" አለ። "ሳንባው፣ አንጀቱ፣ የሚጥሉት ሁሉ አለ።"

"ለእነሱ? ይሰጡሃል?"

"ጥንብ አንሳ ነኝ፣ ለምን አይሰጡኝም።"

ልጅቷ አሰበች። "የቄራው ከብትስ አልተወጋም?"

"እጠይቃለሁ።" የፍሬቻውን ዘንግ ወደ ግራ መታው። "አለቃውን አይደለም የምጠይቀው። እዚያ ከብቶቹን አብልቶ አጠጥቶ የሚያሳድር ሰው አለ፤ እሱን ነው።"

"እኔን እዚህ ልታወርደኝ ነው?"

"እንደፈለግሽ።"

አልወረደችም። መስኮቱን ዘጋችና የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ ጀምራ መቆለፍ ያዘች። ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

"ጠርቼ ጦማቸውን አላሳድራቸውም" አለ።