በግራው በኩል

ባሌ ታረቀኝ ዲላ ገበያ ውስጥ የሚታወቀው በቡጢው ነው። ባለፈው ወር በግራው የመጣ ባጃጅ ሊገጨው ሲል ሹፌሩን ጎትቶ አውርዶ አፍንጫውን ሰበረው። እኔም በግራው ሻይ ባስቀመጥኩለት ቁጥር በክርኑ ይደፋውና «ሆን ብለሽ ነው» እያለ ይመታኛል። ሁለት ጥርሴ በዚያ ሻይ ሄዷል።

በመጨረሻ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ለክታው የዓይኑ ግፊት ከፍተኛ ነው አለች።

«ግላኮማ ነው። ስለማያመው አላወቀውም እንጂ የግራ ዓይኑን ጨርሶታል። የጠፋው አይመለስም። የቀኙን ለማቆየት ይህ የዓይን ጠብታ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ።»

ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። እሱ ያንጋጥጣል፤ እኔ እሱው በሰበረው ጣቴ ሽፋሽፍቱን ገልጬ እይዛለሁ።

ዛሬ አንዷ ጠብታ ጉንጩ ላይ ፈሰሰች። ብድግ ብሎ ቡጢ ሰነዘረ። እኔ ወደ ግራው ፈቀቅ አልኩ። ቡጢው ግድግዳውን አገኘው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

«የት ነሽ?» አለ እጁን አቅፎ።

አጠገቡ ነኝ። ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን አንስቻለሁ።